ከመሠረቱ በፊት ውሉ ይጽና
በቤት አሠሪና በአናጢ መካከል የሚነሣው ክርክርና የማኅበር መሪዎች ድርሻ

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባና ለገበያ የተለየው ከተሸጠ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በደጋውና በወይና ደጋው ገጠር የመጥረቢያና የመዶሻ ድምፅ ይበረክታል። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለመለወጥ ለዓመታት ሲያስብ የቆየው አባወራ ባሕር ዛፉን ያስቆርጣል። ልጁን የዳረው ለአዲሶቹ ተጋቢዎች ጎጆ ያወጣል። ግድግዳውን ምስጥ በልቶ ያዘመመበትም ክረምት ሳይገባ አዲስ ቤት ለማቆም ይሯሯጣል። በዚህ ወቅት አናጢና ግንበኛ እንደ ዘር ወቅት በሬ ተፈላጊ ናቸው።

በዚሁ ወቅት የሚበረክት ሌላም ነገር አለ። ይኸውም በአሠሪውና በአናጢው መካከል የሚነሣው ክርክር ነው። አሠሪው «ገንዘቤን በልቶ ቤቴን ሳይጨርስ ጥሎኝ ሄደ» ይላል። አናጢው በበኩሉ «ያልተዋዋልኩትን ሥራ በነፃ ሥራ ተባልኩ» እያለ ያማርራል። ቤቱ ግማሹ ተከድኖ ግማሹ ሰማይ እያየ ደመናው ይጠቁራል፤ ሁለቱም ወገኖች ሽማግሌ ፍለጋ ይነሣሉ።

እንደሚታወቀው የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሠረት ከተቋቋሙ ወዲህ፣ በአካባቢው የሚነሣን አለመግባባት ወደ ማኅበር መሪዎች ማቅረብ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የአስተዳደሩ አደረጃጀት ቢለዋወጥም፣ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ዛሬም ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» እያለ ይጠራዋል። በቤት ሥራ የተጣላ ሰውም ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎችና ወደ እነዚሁ መሪዎች ነው። ስለሆነም የክርክሩን ምንጭ፣ መከላከያውንና አፈታቱን ማወቅ ከመሪዎች የሚጠበቅ ነው።

የ50 ቆርቆሮ ቤት

የሚከተለው ዓይነት ታሪክ በየቀበሌው የሚደጋገም በመሆኑ ስምና ቦታ አያስፈልገውም፤ ነገሩን ለማስረዳት በምሳሌነት ይቀርባል።

አንድ አባወራ ከጥምቀት በኋላ አናጢ አስጠርተው «የ50 ቆርቆሮ ቤት ሥራልኝ» ይላሉ። በገጠር የቤት መጠን የሚነገረው በቆርቆሮው ቁጥር ስለሆነ አናጢውም ነገሩ ግልጽ መስሎት ዋጋውን በቁርጥ ይናገራል። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ይስማማሉ። ጠላ ይቀዳል፤ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት የዋጋው ሲሶ በቀብድ ይሰጣል። ወረቀት የሚባል ነገር አልተነሣም።

በማግሥቱ ችካል ተተክሎ ገመድ ይወጠራል። አባወራው ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ «ይህማ ጠባብ ነው፤ በዚህ በኩል ትንሽ ግፋው» ይላሉ። ችካሉ በ2 እርምጃ ይገፋል። አናጢው ቆርቆሮው ሊያንስ እንደሚችል በልቡ ቢያውቅም፣ አሠሪውን ላለማስቀየም ዝም ይላል። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታል፤ ወራጁ ይሰቀላል። ክዳን ላይ ሲደረስ 50 ቆርቆሮ አልበቃ አለ። አናጢው አንዱን ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚያነባብርበትን ልክ በመቀነስ ቦታውን ሸፈነው።

መጋቢት ላይ እማወራዋ ገብተው ቤቱን ሲያዩ ጓዳ የሚለይበት ግድግዳ የለም። መስኮቱም አንድ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ጓዳው የታለ? እህሉና ዕቃው ከእንግዳ ጋር ሊያድር ነው?» ይላሉ።

«እማማ፣ ጋሼ ያሉኝ የ50 ቆርቆሮ ቤት ነው። ስለ ጓዳ የተነሣ ነገር የለም» ሲል አናጢው ይመልሳል።

አባወራው ይቆጣሉ። «ጓዳ የሌለው ቤት የት አይተህ ታውቃለህ? የአባቴ የሣር ቤት እንኳ ጓዳ ነበረው!»

«እንግዲያውስ የእጅ ዋጋ ይጨምሩልኝ፣ ጋሼ።»

«አንዲት ሳንቲም አልጨምርም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ። አናጢው ምስማር አልቋል ብሎ ለሁለት ቀን ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሄደ፤ እዚያም ሌላ ሥራ ይዞ ስለነበር ሁለት ሳምንት ቆየ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው አባባል ለአናጢ ኑሮ ይበጀው እንደሆነ እንጂ ለአሠሪ አይበጅም። አባወራው በንዴት የእኅታቸውን ልጆች ሰብስበው ግድግዳውን ማስመረግ ጀመሩ። የመጀመሪያው ጭቃ ሳይደርቅ ሁለተኛው ተደረበበትና ምርጊቱ ተሰነጣጥቆ ከማገሩ ላይ ተላቀቀ። በሚያዝያ የጣለው ዝናብ ደግሞ በቆርቆሮው መጋጠሚያ ገብቶ በአዲሱ ቤት የተቀመጠውን የዘር እህል አራሰው።

ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሁለቱ ምስክሮች ተጠሩ። አንደኛው «ጓዳ ተብሏል» አለ፤ ሁለተኛው «እኔ አልሰማሁም» አለ። ሁለቱም የዋሹ አይመስልም። በጠላ ላይ የተነገረ ቃል ከሦስት ወር በኋላ የሚታወሰው እንደየሰሚው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ለዚሁ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሌባም አታላይም የለም። የዓመት ልፋታቸውን ያፈሰሱ ቤተሰብና በእጁ ሙያ የሚኖር ሠራተኛ፣ ሳይነጋገሩ የጀመሩትን ሥራ ሳይግባቡ አበላሹት። የሽማግሌዎቹ ውሳኔ ወደ ኋላ ይነሣል። ከዚያ በፊት ነገሩ ከመነሻው እንዴት ሊያዝ ይገባ እንደነበር መመልከት ይጠቅማል።

በቁርጥ ወይስ በቀን ሂሳብ?

አሠሪውና አናጢው አስቀድመው ሊለዩት የሚገባው የሥራውን ዓይነት ነው። አናጢው በቀን ሂሳብ ከተቀጠረ የሚከፈለው ለዋለበት ቀን ነው። ሥራው በየት በኩል እንዲሄድ የሚያዘው፣ ቢዘገይም ጉዳቱን የሚሸከመው በአመዛኙ አሠሪው ይሆናል። በቁርጥ ከተዋዋለ ግን ቤቱን አጠናቆ ለማስረከብ ኃላፊነት የወሰደው አናጢው ነው፤ ሥራው ቀን ቢፈጅበትም ዋጋው አይጨምርም። ብዙ ክርክር የሚነሣው ዋጋው በቁርጥ ተነግሮ አሠሪው እንደ ቀን ሠራተኛ በየዕለቱ አዲስ ነገር ሲያዝ፣ ወይም አናጢው ቁርጥ ዋጋ ወስዶ እንደ ቀን ሠራተኛ ሲመጣና ሲቀር ነው።

ዋጋው በቁርጥ ከሆነ የሚከተሉት ነጥቦች አንድ በአንድ መነገር ይኖርባቸዋል።

አንደኛ፣ የቤቱ ልክ። «የ50 ቆርቆሮ ቤት» የሚለው አነጋገር የክዳኑን ስፋት በግምት ይናገር እንደሆነ እንጂ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የግድግዳውን ከፍታ፣ የክፍሉን ብዛት አይናገርም። ርዝመትና ወርዱ በሜትር ይነገር። ሜትር ከሌለ አንድ ገመድ ተለክቶና ቋጠሮ ተደርጎበት በሦስተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ። የጓዳው ግድግዳ፣ የበርና የመስኮቱ ቁጥር፣ መደቡ፣ የበረንዳው ነገር በስማቸው ይጠሩ።

ሁለተኛ፣ የዕቃው ዓይነትና አቅራቢው። ቆርቆሮ ሁሉ አንድ አይደለም። በገበያ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ የሳሳ ነው። አሠሪው ዋጋው ረክሶ ስላገኘው ስስ ቆርቆሮ ገዝቶ ሲያበቃ በነፋስ ቢነሣበት አናጢውን ብቻ መውቀስ አይገባውም። አናጢውም የተሰጠው ዕቃ ለሥራው የማይሆን መሆኑን እያወቀ ዝም ማለት የለበትም። ለቋሚ የሚሆነው ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከተተከለ ሲደርቅ ይጣመማል። ስለዚህ እንጨቱ መቼ እንደሚቆረጥና ስንት ጊዜ እንደሚደርቅ፣ ወደ መሬት የሚገባው የቋሚው ጫፍ ለምስጥ መከላከያ በእሳት የሚለበለበው ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚቀባው በማን እንደሆነ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ረዳትና ቀለብ። ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚያቀብለው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ጭቃ የሚረግጠው ማን ነው? ሥራው በደቦ ይሆናል ከተባለ ደቦው የሚጠራበት ቀን ይታወቅ። አናጢው ከአሠሪው ቤት ይበላል ወይስ ቀለቡን ችሎ ይሠራል? ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም በሥራ መካከል የሚያስቀይም ሆኖ ይታያል።

አራተኛ፣ ጊዜው። «ፋሲካን በአዲሱ ቤት» ማለት ቀጠሮ አይደለም። ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ተቆጥሮ ይነገር። ጭቃው ከጭድ ጋር ተደባልቆ የሚቦካበትና የመጀመሪያው ምርጊት የሚደርቅበት ቀንም በሂሳቡ ይግባ። አሠሪው ምርጊቱ እንዲደርቅ ሥራው የቆመበትን ሰሞን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ቢያስቸኩል ጉዳቱ የራሱ ነው። አናጢውም በእነዚህ ቀናት ሌላ ሥራ ይዞ ከሆነ አስቀድሞ ተናግሮ የሚመለስበትን ቀን ያስታውቅ።

ክፍያው ከሥራው እኩል ይራመድ

አሠሪው አብዛኛውን ገንዘብ አስቀድሞ ከሰጠ አናጢውን የሚይዝበት ነገር አይኖረውም። አናጢውም እስከ መጨረሻው ሳይከፈለው ከሠራ ለልጆቹ ቀለብ ሲል ሌላ ሥራ ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። በመሆኑም ለሁለቱም የሚበጀው ክፍያውን በሥራው ደረጃ መከፋፈል ነው።

ለጭቃ ቤት ሥራው በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ቋሚው ተተክሎ ማገሩ ሲመታ፣ ሁለተኛው ጣሪያው ተከድኖ ሲያበቃ፣ ሦስተኛው በርና መስኮቱ ተገጥሞ የመጀመሪያው ምርጊት ሲያልቅ፣ አራተኛው ቤቱ ተጠናቆ ሲረከብ ነው። ከመጨረሻው ክፍያ ጥቂቱ በሁለቱም ዘንድ በታመነ ሰው እጅ ቆይቶ ጣሪያው በመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ከተፈተነ በኋላ ቢሰጥ፣ አናጢው መጋጠሚያውን በጥንቃቄ እንዲሠራ ያተጋዋል። አሠሪውም የደረሰ ክፍያ በዕለቱ መክፈል ይገባዋል። «ገበያ እስክወጣ ታገሠኝ» እየተባለ የሚያልፈው ሳምንት ሥራውን የሚያስጥል መሆኑ መታወቅ አለበት።

በእያንዳንዱ ክፍያ ጊዜ ቀኑ፣ የተከፈለው ገንዘብና የደረሰበት ሥራ በአንድ ደብተር ይጻፍ። የቆርቆሮው ቁጥር፣ የምስማሩ ኪሎ፣ የእንጨቱ ብዛት ሲገባ ይቆጠር፤ የተረፈውም ሲመለስ ይቆጠር። ከላይ በተጠቀሰው ታሪክ የምስማሩ ነገር ክርክር ያስነሣው ስንት ኪሎ እንደገባ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሕጉ የሚለው

ቤት ማሠራት በሕግ የታወቀ ውል ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግሉ ድንጋጌዎች አሉት። የማኅበር መሪዎች ከእነዚህ ጥቂቶቹን ቢያውቁ ለምክርም ለዕርቅም ይጠቅማቸዋል።

ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 እስከ 1885 የተነገረው አለ። ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ውሉ በደንብ ከተፈጸመ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል። እንግዲህ በወረቀት ላይ «ቀብድ» ተብሎ መጻፉና «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ መጻፉ ልዩነት አለው። ጸሐፊው የሁለቱን ሐሳብ ጠይቆ ተረድቶ ይጻፍ።

ስለ ጽሑፍ ደግሞ በቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች ሊረጋገጥ እንደሚገባው ተደንግጓል። ከሁሉ ይልቅ በገጠር ልብ ሊባል የሚገባው በቁጥር 1728 የሰፈረው ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያሳረፈው የጣት አሻራ፣ ሥራውን በሚያከናውን ውል አዋዋይ ወይም መዝገብ ያዥ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ሰውዬውን አያስገድደውም። ስለዚህ አንደኛው ወገን ፊደል የማይለይ ከሆነ፣ የውሉ ወረቀት ጮክ ተብሎ ከተነበበለት በኋላ ይህን ለማረጋገጥ ሥልጣን ወዳለው ክፍል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። «ጣቱን አሳርፏል» ብሎ መተው ኋላ ወረቀቱን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል።

ስለ ቤቱ ጽናትም በቁጥር 3039 የተጻፈው ግልጽ ነው። ቤቱን ለመሥራት በኃላፊነት የተዋዋለው ሰው ሥራው በደንብ ለመፈጸሙና ለጥንካሬው ቤቱ ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ወይም ቤቱ በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው መፍረስና መበላሸት ተጠያቂ ይሆናል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ስምምነት ዋጋ የለውም። አናጢዎች ይህን ሲሰሙ ሊደነግጡ ይችላሉ። ነገር ግን ድንጋጌው የአሠራርን ጉድለት የሚመለከት ስለሆነ፣ አሠሪው ራሱ ላደረሰው ጉዳት አናጢውን ባለ ዕዳ ለማድረግ የወጣ አይደለም። ለሙያው የሚጠነቀቅ አናጢ ረግረግ ወይም ጎርፍ የሚያልፍበትን ቦታ ሲያይ «እዚህ አይሆንም» ብሎ በጊዜ መናገር እንዳለበትም ከዚሁ ይማራል።

አሠሪውም ግዴታ አለበት

በሽማግሌ ፊት ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው አናጢው ነው። አሠሪው የአገር ልጅ፣ አናጢው ደግሞ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሲሆን ሚዛኑ ወደ አሠሪው እንዳያዘነብል መሪዎች መጠንቀቅ አለባቸው። የእጅ ባለሙያን ማቃለል በአገራችን ለረጅም ዘመን የቆየ ጎጂ ልማድ መሆኑ አይዘነጋም።

አሠሪው ዕቃ በጊዜው ሳያቀርብ ቀርቶ አናጢው የዋለበት ባዶ ቀን ኪሳራው የአናጢው ብቻ ሊሆን አይገባም። ከአሠሪው ቤት ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል። አባወራው በሩን ወደ ምሥራቅ፣ ወንድማቸው ወደ ምዕራብ፣ አማች ደግሞ መስኮቱን ከፍ አድርግ የሚሉበት ሥራ መልካም ፍጻሜ አይኖረውም። ሆኖም ቤቱን ውለው የሚያድሩበትና የሚሠሩበት እማወራዋ ስለሆኑ፣ ከውሉ በፊት የእርሳቸው ሐሳብ መጠየቅ አለበት። ከላይ ባየነው ታሪክ እማወራዋ በጥር ወር ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ የጓዳው ነገር መጋቢት ላይ አይነሣም ነበር።

በሥራ መካከል አሳብ መለወጥ ያጋጥማል። የሚሻለው ለውጡ ከመሠራቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው። ስንት ዕቃ ይጨምራል? ስንት የእጅ ዋጋ ይጨምራል? ስንት ቀን ይጨምራል? መልሱ በደብተሩ ላይ ተጽፎ ሁለቱም ሲፈርሙበት ለውጡ የውሉ ክፍል ይሆናል። አናጢውም አሠሪውን ላለማስቀየም ሲል እያወቀ ዝም ማለት ጨዋነት አለመሆኑን ይረዳ። አሠሪው ባለማወቅ ሲያዝ የሚያስከትለውን መናገር የባለሙያው ፋንታ ነው።

ባለ ገንዘቧ ሩቅ ስትሆን

በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቀበሌዎች ቆርቆሮ ቤት የሚሠራው ልጆች ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው በቤት ሠራተኝነት ባጠራቀሙት ገንዘብ ነው። በዚህ ጊዜ አሠሪዋ በስልክ የምታዝዝ፣ አባት ወይም ወንድም ገንዘቡን የሚያወጣ፣ አናጢው ደግሞ ከሁለቱም የተለያየ ቃል የሚሰማ ይሆናል። ልጅቱ የላከችው ገንዘብ ለሕክምና ወይም ለማዳበሪያ ወጥቶ ሥራው ሲቆም ጥፋቱ በአናጢው ላይ ይደፈደፋል። ልጅቱ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ የምታገኘው ግድግዳው የቆመ፣ ክዳን የሌለው ቤት ሲሆን፣ ጠቡ ከአናጢው አልፎ በወላጅና በልጅ መካከል ይገባል።

ይህን ለመከላከል ውሉ በማን ስም እንደሚደረግና ቤቱ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ በቤተሰቡ መካከል ይወሰን። ገንዘቡ እንደ ሥራው ደረጃ ተከፋፍሎ ይላክ። በእያንዳንዱ ደረጃ የቤቱ ፎቶግራፍና የክፍያው ደብተር በስልክ ይላክላት። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ የታመነ ሰው፣ ለምሳሌ የእድር ዳኛ፣ ሥራው የደረሰበትን አይቶ ቢመሰክር ለአባትም ለአናጢም መከላከያ ይሆናቸዋል።

ጠቡ ከተነሣ በኋላ

አሁን ወደ 50 ቆርቆሮው ቤት እንመለስ። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ሦስት ጊዜ ተቀምጠው መፍትሔ ያጡለት ነገር የተፈታው በአራተኛው ቀን ከቤቱ ድረስ በሄዱ ጊዜ ነው። ገመድ ይዘው ለኩ፤ ቆርቆሮውን ቆጠሩ፤ መጋጠሚያውን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያም ክርክሩን በሦስት ከፈሉት። የመጀመሪያው በውሉ ቀን ሁለቱም የተስማሙበት፣ ሁለተኛው በውሉ ቀን ያልተነሣው፣ ሦስተኛው ከውሉ በኋላ የተለወጠው ነው።

ጓዳው በሁለቱም ዘንድ ተባለ ለማለት ስላልተቻለ ያልተነሣ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። አናጢው እንዲሠራው፣ አባወራው እንጨቱን እንዲያቀርቡና ሽማግሌዎቹ የገመቱትን የእጅ ዋጋ እንዲጨምሩ ተባለ። የጣሪያው ነገር ከባድ ነበር። ቆርቆሮ ሲነባበር በጎኑ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሞገድ፣ በጫፉ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢደራረብ፣ ምስማሩም በጉብታው እንጂ በሸለቆው ላይ ባይመታ መልካም ነው። እዚህ ቤት ላይ ግን ከግማሹ በታች ሆኖ ተገኘ። ለምን ቢባል ቤቱ ከችካሉ በኋላ በ2 እርምጃ በመርዘሙ ነው። አባወራው ማስረዘማቸውን አመኑ። አናጢውም ቆርቆሮው እንደማይበቃ እያወቀ ዝም ማለቱን አመነ።

«አንቱ ባያስረዝሙ ባላነሰም ነበር» አለ አናጢው።

«አንተስ ብትነግረኝ አፌ ይዘጋ ነበር?» አሉ አባወራው።

ከሁሉ በላይ ነገሩን ያበረደው ይህ ሁለት ቃል ነው። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ በራሱ አፍ ተናገረ። የጎደለውን ቆርቆሮ አባወራው እንዲገዙ፣ አናጢው ያለ ተጨማሪ ዋጋ ነቅሎ እንዲከድነው ተወሰነ። የተሰነጠቀው ምርጊት አናጢው ባልነበረበት በቤተሰቡ የተሠራ በመሆኑ እድሳቱ የአባወራው ሆነ። ለምስማሩ ማስረጃ ስላልነበረ ኪሳራውን እኩል ተካፈሉት። የቀረው ክፍያ በአንድ ሽማግሌ እጅ ተቀምጦ አናጢው በ8 ቀን ውስጥ ጨርሶ ሲያስረክብ እንዲቀበል ተደረገ። ውሳኔው በጽሑፍ ሰፍሮ ለሁለቱም ተነበበላቸው። የራሰውን የዘር እህል ግን የሚመልሰው ውሳኔ አልተገኘም።

ከዚህ አፈታት መሪዎች የሚወስዱት ትምህርት አለ። ክርክሩን ሥራው ካለበት ቦታ ተገኝቶ ማየት ይቀድማል። «ማን ዋሸ» ከማለት በፊት «ምን ተባለ፣ ምን ሳይባል ቀረ፣ ምን ተለወጠ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የቅድሚያው ውሳኔ ቤቱ ከክረምት በፊት እንዲከደን የሚያደርግ ይሁን፤ የሂሳቡ ክርክር ከተከደነ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። የአሠራሩ ጉድለት ከባድ ሆኖ ዕርቅ ያልተገኘበትን ጉዳይ ደግሞ ተከራካሪዎቹ ወደ ፍርድ ቤት እንዲወስዱት መምከር እንጂ እያመላለሱ ማጉላላት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው አስቀድሞ መከላከል ነው። በየቀበሌው የውል ጽሑፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ተለይቶ ቢታወቅ፣ የቤቱ ልክ፣ የዕቃው አቅራቢ፣ የክፍያው ደረጃ፣ የሚያልቅበት ቀንና የሁለት ምስክሮች ፊርማ የሚሰፍሩበት አንድ ገጽ ወረቀት ተዘጋጅቶ በማኅበሩ ቢቀመጥ፣ ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የሚያተርፈው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት፣ የአንድ ባለሙያ መልካም ስምና የጎረቤት ሰላም ነው። መጪው የታኅሣሥ ገበያ ደርሶ ቆርቆሮ የተሸከመ አህያ በየመንገዱ ከመታየቱ በፊት፣ የማኅበር መሪዎች በስብሰባቸው ላይ ይህን አንሥተው ቢመክሩበት ጊዜው አሁን ነው።